የጃፓን የሙከራ ሲኒማና አነስተኛው የፊልም አዳራሽ፤ ከደብረ ኤልያስ አንጻር ሲታይ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከደብረ ማርቆስ ከተማ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ደብረ ኤልያስ፣ በቅኔ ትምህርት ከሚታወቁት የጎጃም ስፍራዎች አንዷ ናት። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተከታተሉባቸው አድባራት መካከል ደብረ ኤልያስ ይገኝበታል። በቅኔ ቤት አንድ ተማሪ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ለመቁጠር ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። ሲነጋም ለመምህሩ ይነግራል፤ ጓደኞቹም ያዳምጣሉ፤ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመ እንደሆነ ይታረማል።

ወደ ሲኒማ ሲመጣ ግን ስለ ገጠርና ስለ አነስተኛ ከተማ ነዋሪ የሚነገረው ሌላ ነው። ቀላል ታሪክ፣ ድብድብና ሳቅ ያለበት ፊልም ይበቃዋል የሚል ግምት በብዙ የባህልና የወጣቶች ዕቅዶች ውስጥ ሳይነገር ያድራል። ይህ ግምት ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመመርመር የጃፓን የሙከራ ሲኒማና ያ ሲኒማ ያደገባቸው አነስተኛ አዳራሾች ጥሩ ማሳያ ይሆናሉ። ጉዳዩ ኢትዮጵያንም በቀጥታ የሚነካ ነው፤ በጃፓን ብዙ ካከራከሩ ፊልሞች አንዱ የሻምበል አበበ ቢቂላን ሩጫ የያዘ ነውና።

የሙከራ ሲኒማ ምንድን ነው?

የሙከራ ሲኒማ የሚባለው የተለመደውን የአተራረክ መንገድ ትቶ በሥዕል፣ በድምፅ፣ በዝምታና በጊዜ አጠቃቀም አዲስ መንገድ የሚፈልግ የፊልም ሥራ ነው። ታሪኩ ከመነሻ እስከ መድረሻ በቅደም ተከተል ላይነገር ይችላል። ንግግር ጨርሶ ላይኖረውም ይችላል። ተመልካቹ የቀረበለትን ብቻ ተቀብሎ የሚሄድ ሳይሆን፣ ያየውን እርስ በርሱ እያገናኘ ትርጉም የሚፈልግ ይሆናል።

በጃፓን የዚህ ዓይነቱ ሥራ ታሪክ ከድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1926 ቴይኖሱኬ ኪኑጋሳ የሠራው «የእብደት ገጽ» የተሰኘው ፊልም በአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ውስጥ የሚፈጸም ሲሆን፣ በሥዕሎቹ መካከል የሚገባ ጽሑፍ አልነበረውም። ፊልሙ ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል ተብሎ ከቆየ በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባለቤቱ ራሱ በገዛ ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አግኝቶታል። በዚያ ዘመን በጃፓን ሲኒማ ቤቶች «ቤንሺ» የሚባሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ቤንሺው ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ታሪኩን ያስረዳል፤ የተዋንያኑንም ንግግር በየድምፃቸው ይናገርላቸዋል። ድምፅ ያላቸው ፊልሞች በ1930ዎቹ እየተስፋፉ ሲሄዱ ሙያው እየከሰመ ሄደ። ሆኖም አንድ ነገር አስተምሮ አልፏል። ተመልካች ለማያውቀው ሥዕል እንግዳ ሆኖ እንዳይቀር ከፈለጉ፣ በመካከል የሚያስተዋውቅ ሰው ማቆም ይቻላል።

ቃል የማያስፈልገው ፊልም

ከሙከራ ፊልሞች ሁሉ ለኢትዮጵያ ገጠር ተመልካች የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1960 ካኔቶ ሺንዶ ያዘጋጀው «ራቁቷ ደሴት» ሳይሆን አይቀርም። ሺንዶ የሂሮሺማ አካባቢ ተወላጅ ሲሆን፣ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ነፃ የፊልም ድርጅት በዕዳ ሊዘጋ በተቃረበበት ወቅት ነበር ይህን ፊልም በጥቂት ባለሙያዎችና በአነስተኛ ገንዘብ የሠራው።

የፊልሙ ታሪክ በጥቂት ቃላት ሊነገር ይችላል። ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆቻቸው የመጠጥ ውኃ በሌላት ትንሽ ደሴት ላይ ይኖራሉ። ባልና ሚስቱ በየቀኑ በጀልባ ወደ ሌላ ደሴት ተሻግረው ውኃ ይቀዳሉ። በትከሻቸው በተሸከሙት እንጨት ግራና ቀኝ ባልዲ አንጠልጥለው ቀጥ ያለውን ዳገት ይወጣሉ። ከዚያም ውኃውን ለእያንዳንዱ ቡቃያ በጭልፋ ያጠጣሉ። ሚስት አንድ ቀን አንድ ባልዲ ውኃ ስትደፋ ባል በጥፊ ይመታታል። በኋላ ትልቁ ልጅ ይታመማል፤ ሐኪሙ ሲደርስ ጊዜው አልፏል። እናት ልጇን ከቀበረች በኋላ የተሸከመችውን ውኃ ትደፋለች፣ ቡቃያውንም ትነቅላለች፣ መሬት ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ባል ቆሞ ያያታል፤ አይናገራትም። ጥቂት ቆይታ ተነሥታ ሥራዋን ትቀጥላለች።

በዘጠና ደቂቃ ከፍ በሚለው በዚህ ፊልም ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ የሚለዋወጡት ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1961 በሞስኮ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ተጋርቷል። ለብዙ አገሮች ተሸጦም ድርጅቱን ከዕዳ አውጥቶታል። በየቀኑ እንስራ ወይም ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ እናት ባለችበት አገር ይህን ፊልም ለመረዳት የጃፓንኛ ዕውቀት አያስፈልግም። እንዲያውም የባልዲው መደፋት ምን ማለት እንደሆነ ውኃ በቧንቧ ከሚያገኘው የከተማ ሰው ይልቅ የገጠሩ ተመልካች ቀድሞ ይገነዘበዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሰው ሂሮሺ ቴሺጋሃራ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቀረበውና በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው «የአሸዋዋ ሴት» ነው። የፊልሙ ጽሑፍ ደራሲው ኮቦ አቤ ከራሱ ልብ ወለድ ያዘጋጀው ነው። ነፍሳት ለመሰብሰብ ከቶኪዮ የመጣ አንድ ሰው የመጨረሻው አውቶቡስ ያመልጠዋል። የመንደሩ ሰዎችም በአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ካለች የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ያሳድሩታል። ሲነጋ መውጫው መሰላል የለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቱ እንዳይዋጥ ከሴቲቱ ጋር በየሌሊቱ አሸዋ ሲዝቅ ይኖራል። ሰውየው መጀመሪያ ለማምለጥ ይታገላል፤ ኋላ ግን ከአሸዋው ውስጥ ውኃ ማውጣት የሚቻልበትን ዘዴ ያገኛል። የመውጫው መንገድ በተከፈተለት ጊዜ መሄዱን ለሌላ ቀን ያቆየዋል። ሰው በሥራው ታስሯል ወይስ በሥራው ነፃ ወጥቷል የሚለውን ጥያቄ ፊልሙ አይመልሰውም፤ ለተመልካቹ ይተወዋል። ፊልሙ ለአዋቂዎች ብቻ የሚሆኑ ትዕይንቶች ያሉት በመሆኑ ለሕፃናት የሚቀርብ አይደለም።

አነስተኛው አዳራሽ እንዴት ተቋቋመ?

እነዚህን የመሳሰሉ ፊልሞች በትላልቅ የፊልም ኩባንያዎች እጅ ባሉ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ቢወሰኑ ኖሮ ብዙዎቹ ተመልካች ሳያገኙ በቀሩ ነበር። ሁኔታውን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተውና በቀጣዩ ዓመት ፊልም ማሳየት የጀመረው «አርት ቲያትር ጊልድ» የተሰኘው ድርጅት ነው። ድርጅቱ በጃፓን ልዩ ልዩ ከተሞች በሚገኙ ጥቂት አዳራሾች ሥራውን ጀመረ። ከእነዚህም ዋነኛው በቶኪዮ ሺንጁኩ ሠፈር የሚገኘው አዳራሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ሌላ ትንሽ ትያትርና ፊልም ማሳያ ተከፈተ። ስሙንም «ጊንጥ» ብሎ ያወጣለት ደራሲው ዩኪዮ ሚሺማ ነበር።

የዚህ ድርጅት አሠራር ለአስተዳደር ባለሙያዎች ሦስት ቁም ነገሮችን ይዟል። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። አንድ ፊልም በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ተመልካች ባያገኝም ወዲያው አይወርድም ነበር፤ አንድ ወር ያህል እንዲታይ ዋስትና ይሰጠዋል። በዚህም ምክንያት ያዩት ላላዩት እየነገሩ ተመልካች ቀስ በቀስ ይሰበሰባል። ሁለተኛው ማብራሪያ ነው። ከፊልሞቹ ጋር የፊልሙን ጽሑፍና ትንታኔ የያዘ መጽሔት ይታተም ስለነበር ተመልካቹ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ነገር ያገኝ ነበር። ሦስተኛው የወጪ አያያዝ ነው። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ድርጅቱ ፊልሞችን በአሥር ሚሊዮን የን ያህል ማሠራት ጀመረ፤ ይህም ትላልቆቹ ኩባንያዎች ለአንድ ፊልም ከሚያወጡት እጅግ ያነሰ ነበር። ወጪውንም ድርጅቱና ፊልም ሠሪው እኩል ይካፈሉት ነበር። ገንዘቡ ትንሽ በመሆኑ ኪሳራውም ትንሽ ነው፤ ኪሳራው ትንሽ ሲሆን ደግሞ ለመሞከር ድፍረት ይገኛል።

በጃፓን «ሚኒ ቲያትር» የሚባሉት ነፃ አነስተኛ አዳራሾች ከዚህ ልምድ በኋላ በየከተማው ተስፋፍተዋል። ይሁንና ሕይወታቸው ሁልጊዜ የተደላደለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ሊዘጉ በተቃረቡበት ጊዜ ፊልም ሠሪዎች ባስጀመሩት የድጋፍ ዘመቻ ከሦስት መቶ ሚሊዮን የን በላይ ከሕዝብ ተዋጥቶላቸዋል። በሌላ በኩል ከ1970ዎቹ ጀምሮ የበርካታ አገሮችን ፊልሞች ሲያሳይ የቆየው የቶኪዮው ኢዋናሚ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2022 የፊልም ማሳየት ሥራውን አቁሟል።

መንግሥት ያሠራው ፊልምና የአበበ ቢቂላ ሩጫ

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በተካሄደው የኦሊምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በሆነ ጊዜ በመግባት በሮም ያገኘውን ድል ደገመ። ከሩጫው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገብቷል። ጃፓናዊው ኮኪቺ ፁቡራያ ደግሞ ሦስተኛ ሆኗል።

የውድድሩን ፊልም እንዲያዘጋጅ መጀመሪያ የታሰበው አኪራ ኩሮሳዋ ነበር፤ ኋላ ሥራው ለኮን ኢቺካዋ ተሰጠ። ኢቺካዋ ከአንድ መቶ በላይ ካሜራዎችን አሰማርቶ 170 ደቂቃ የሚፈጅ «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» የተባለ ፊልም አቀረበ። ፊልሙ የሚከፈተው በፀሐይና አሮጌ ሕንፃዎችን በሚያፈርስ የብረት ኳስ ነው። ስለ ሜዳሊያ ብዛት ብዙም አይጨነቅም። በቅርቡ ነፃ ከወጣችው ከቻድ የመጣን አንድ ሯጭ ብቻውን ሲመገብ፣ ብቻውን በከተማው ሲዘዋወር ይከታተላል። በማራቶኑ ደግሞ ካሜራው ከሩቅ በሚያቀርብ መነፅር የአበበን ፊት ይዞ ሳይለቅ ይቆያል። እርምጃው በዝግታ ይታያል፤ ከአገጩ የሚንጠባጠበው ላብ ይታያል። ሌሎች ሯጮች በውኃ መጠጫው ስፍራ ሲቆሙና ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ እርሱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያይ ያልፋል።

ይህ አቀራረብ ሁሉንም አላስደሰተም። በወቅቱ የኦሊምፒክ ጉዳዮች ሚኒስትር የነበሩት ኢቺሮ ኮኖ ፊልሙን ካዩ በኋላ መዝገብነቱ አነስተኛ ነው በማለት ተቃወሙ። የሚኒስትሩ ቅሬታ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ሥራ ውድድሩን በዝርዝር መመዝገብ አለበት የሚለው ሐሳብ በየትኛውም አገር የሚነሣ ነው። በሌላ ወገን ታዋቂዋ ተዋናይት ሂዴኮ ታካሚኔ ለፊልሙ በጋዜጣ ተከራከረች፤ ሚኒስትሩና ዳይሬክተሩ ተገናኝተው እንዲነጋገሩም አደረገች። በመጨረሻ የኢቺካዋ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1965 ለሕዝብ ቀርቦ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች አገኘ። ከተቀረጸው ክምችትም ለመዝገብ የሚሆን ሌላ ፊልም ተዘጋጅቶ በቀጣዩ ዓመት ወጣ።

ከዚህ ክርክር የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የመዝገብ ፍላጎትና የጥበብ ፍላጎት ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱን ለማግኘት ሌላውን ማጥፋት አስፈላጊ አልነበረም። የውጤቱን ሰንጠረዥ የሚፈልግ በመዝገብ ውስጥ ያገኘዋል። አበበ እንዴት እንደሮጠ ማየት የሚፈልግ ግን ዛሬም የሚሄደው ወደ ኢቺካዋ ፊልም ነው። የጃፓን ባለሥልጣናት በቅሬታቸው ገፍተው ያን ፊልም አስቀርተው ቢሆን ኖሮ ከጃፓን ባልተናነሰ ኢትዮጵያ በተጎዳች ነበር።

የኢትዮጵያ ልምድ

ኢትዮጵያም ለሙከራ ሲኒማ እንግዳ አይደለችም። ትውልዱ ጎንደር የሆነው ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ቀርጾ በ1976 ለዕይታ አብቅቷል። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ሲሆን፣ ለባላባት የሚገብር የአንድ ገበሬ ቤተሰብን ኑሮ በዝግታ ይከተላል። በሬ ሲጠመድ፣ ማረሻ መሬት ሲሰነጥቅ፣ ሰው ከመስክ ወደ ቤቱ ሲመለስ ካሜራው ሳይቸኩል ያያል። ይህን ፊልም ከ«ራቁቷ ደሴት» ጎን አስቀምጦ ላየ ሰው ሁለቱ በሩቅ አገር የተወለዱ ዘመዳሞች ይመስሉታል።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም ሲያጠናቅቅ የአሜሪካ ትላልቅ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እርሱና ባልደረቦቹ ግን በየከተማው አዳራሽ እየተከራዩ ፊልሙን ራሳቸው አሳዩ። ከማኅበረሰቡ ጋር በመተባበርም ብዙ ተመልካች አገኙ። ከዚያ በተገኘው አቅም በዋሽንግተን ከተማ በዚሁ ስም የሚጠራ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ተከፍቷል። ይህ ታሪክ ከቶኪዮው ልምድ ጋር አንድ ነው፤ ፊልሙን ያኖረው የአዳራሹ ስፋት ሳይሆን ተመልካቹን ፈልጎ የሚጠራ ሰው መኖሩ ነው።

በወረዳ ደረጃ ምን ማድረግ ይቻላል?

በአገሪቱ አነስተኛ ከተሞች ለዓመታት ፊልም ሲያሳዩ የኖሩት ቪዲዮ ቤቶች ናቸው። አንድ ቴሌቪዥን፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና በበር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያላቸው እነዚህ ቤቶች የውጭና የአማርኛ ፊልሞችን፣ በዲሽ የሚተላለፉ የእግር ኳስ ጨዋታዎችንም ሲያሳዩ ቆይተዋል። በአንድ አገር አነስተኛ ነፃ ሲኒማ የሚባለው ተቋም በሌላው አገር ቪዲዮ ቤት በሚል ስም ሲኖር መቆየቱ ሳይስተዋል ቀርቷል። ከዚህ በተጨማሪ የትምህርት ቤትና የስብሰባ አዳራሾች ስብሰባ በማይኖርባቸው ሰዓታት ለዚህ ሊውሉ ይችላሉ።

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ ፕሮጀክተር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ነጭ ጨርቅና አስተማማኝ የመብራት ምንጭ ነው። የጃፓን ፋውንዴሽን የተባለው ተቋም የጃፓን ፊልሞች በውጭ አገር የባህል ዝግጅቶች ላይ እንዲታዩ ድጋፍ የሚሰጥ በመሆኑ ጥያቄን በኤምባሲ በኩል ማቅረብ አንድ መንገድ ነው። ፊልምን ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቱን ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 በዚህ ረገድ የሚታዩ ሕጎች ናቸው። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ራሱ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ፊልም ቢያሳይ ሌላውን ሕግ አክብር ለማለት ይቸገራል።

በቅድሚያ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ። ውኃና መንገድ ያልተሟላለት ወረዳ ለፊልም ጊዜ ሊያጠፋ አይገባም የሚል ይኖራል። ተመልካቹ ተሰላችቶ ይወጣል የሚልም ይኖራል። የመጀመሪያው ተቃውሞ ተገቢ የሚሆነው ፊልሙ የውኃውን በጀት የሚሻማ ሲሆን ነው፤ ባለ አዳራሽና ባለ ዕቃ የሚደረግ ዝግጅት ግን ይህን ያህል ወጪ አይጠይቅም። ሁለተኛው ተቃውሞ በከፊል እውነት ነው። በመጀመሪያው ምሽት አቋርጦ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። የቶኪዮው አዳራሽ ለአንድ ፊልም አንድ ወር ይሰጥ የነበረውም ይህን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ አንድ ምሽት አሳይቶ ሕዝቡ አልወደደውም ብሎ ሪፖርት ከመጻፍ፣ በወር አንድ ፊልም መርጦ ለአንድ ዓመት ያህል መሞከር ይሻላል።

ከፊልሙ እኩል አስፈላጊው ከፊልሙ በኋላ የሚደረገው ውይይት ነው። እንደ ጥንቱ ቤንሺ አንድ መምህር ወይም የባህል ባለሙያ ፊልሙን በአጭሩ ሊያስተዋውቅ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ንግግሩን በአማርኛ ሊያስረዳ ይችላል። ካለቀ በኋላ ግን መልስ ከመስጠት ይልቅ መጠየቅ ይኖርበታል። እናትየው ቡቃያውን ነቅላ ስትጨርስ ለምን ተመልሳ ወደ ሥራዋ ገባች? ሰውየው መሰላሉ ሲገኝ ለምን ከጉድጓዱ አልወጣም? ካሜራው ሌላውን ትቶ የአበበን ፊት ብቻ ለምን ይዞ ቆየ?

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ደብረ ኤልያስ እንግዳ አይደለችም። አንዱ የተናገረውን ሌላው የሚመረምርበት፣ ያልገባው ጠይቆ የሚረዳበት ጉባኤ በቅኔ ቤቷ ከኖረ ዘመን አልፎታል። እንግዲህ ለወረዳ ከተማ የሚሆነው ፊልም ምንድን ነው ተብሎ ሲወሰን በቅድሚያ መታሰብ ያለበት ተመልካቹ ምን ያህል ትምህርት አለው የሚለው ብቻ አይደለም። ዝም ብሎ ማየትን፣ አብሮ ማሰብንና ወርቁን ከሰሙ መለየትን ከማን እንደተማረም መታሰብ ይኖርበታል።